የጠመንጃ እሳት ከየት ይመጣል?

ከጁባ ተነስቶ የነጭ ዓባይን ድልድይ ወደ ምሥራቅ የተሻገረ ሰው በወንዙ ዳር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ቢሄድ ጎንዶኮሮ ይደርሳል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ይህች ዳርቻ ከካርቱም ተነስተው ወንዙን ሽቅብ ለሚወጡ ጀልባዎች የመጨረሻ ማረፊያ ነበረች፤ ከዚያ በላይ ድንጋያማው ወራጅ መንገዱን ይዘጋዋል። በ1841 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ መኮንን የነበረው ሰሊም ቃቡዳን ጀልባዎቹን እዚህ አካባቢ አደረሰ። ከእርሱ በኋላ ሚስዮናዊው፣ የዝሆን ጥርስ ነጋዴውና ባሪያ ፈንጋዩ ተከታትለው መጡ። በ1863 መጀመሪያ አሳሾቹ ስፒክና ግራንት የዓባይን ምንጭ አይተን መጣን ብለው ሲመለሱ ሌላውን አሳሽ ሳሙኤል ቤከርን ያገኙት እዚሁ ነው። ቤከርም በ1871 ለግብጹ ገዥ ለከዲቩ ተቀጥሮ ተመለሰ፤ ባንዲራ ሰቀለና ቦታውን ኢስማዒሊያ ብሎ ሰየመው።

የዚያ ዘመን ታሪክ ሲወራ አንድ ዐረፍተ ነገር ሁሉን ጠቅልሎ ያልፋል፦ ጠመንጃ የያዘው ጦር የያዘውን አሸነፈ። አጭርና ምቹ ነው፤ ነገር ግን የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ጠመንጃ መያዝና ጠመንጃ መተኮስ ለየቅል ናቸው። በ1820 የመሐመድ ዓሊ ሠራዊት ሱዳንን ሲወር የያዘው የባልጩት ጠመንጃ ነበር። የዚያ ጠመንጃ ኃይል የተመሠረተው ቆንጥረው በሚያነሱት ባሩድ፣ በአንድ ስለታም ድንጋይና በአንዲት የብረት ክዳን ላይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ካመፀ ወታደሩ የያዘው ከባድ ዱላ ነው። ስለዚህ የጦር ታሪክ ጸሐፊ «ስንት ጠመንጃ ነበር?» ብሎ ከመቁጠሩ በፊት «ስንቱ ነደደ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

የባልጩት ጠመንጃ አሠራር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መዶሻው በመንጋጋው ድንጋይ ነክሷል። ከፊቱ ቀጥ ብላ የቆመች የብረት ክዳን አለች፤ ግርጌዋ ትንሿን የባሩድ ሳህን ይሸፍናል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው መዶሻውን ወደፊት ይወረውረዋል፣ ድንጋዩ ክዳኗን እየላጠ ይወርዳል፣ ክዳኗ ወደ ኋላዋ ተገልብጣ ሳህኑን ትገልጣለች፣ ብልጭታውም ባሩዱ ላይ ይረግፋል። የሳህኑ ነበልባል በበርሜሉ ጎን ባለች ቀዳዳ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ያቀጣጥላል። ደህና በተገራ ጠመንጃ ይህ ሁሉ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ተኳሹ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ባልተገራው ግን መጀመሪያ ቀጭ ይላል፣ ቀጥሎ ሳህኑ ፍስስ ይላል፣ ጠመንጃው የሚጮኸው ዒላማው ቦታውን ከለቀቀ በኋላ ነው። ጨርሶ ላይጮኽም ይችላል።

ብዙ ሰው ብልጭታው ከድንጋዩ የሚወጣ ይመስለዋል። የሚነደው ግን ብረቱ ነው። ባልጩት ከብረት ስለሚጠነክር ከክዳኗ ላይ ዓይን የማያያትን ፍቅፋቂ ይልጣል፤ ፍቅፋቂዋ በመፋተጉ ግላ ነፋስ ሲነካት ትነዳለች። እንግዲህ ጠመንጃው እሳት አልሰጥ ሲል ጥርጣሬው ከድንጋዩ ላይ ብቻ ማረፍ የለበትም። ክዳኗ ለስላሳ ብረት ከሆነች ድንጋዩ እየቦረቦረ ያልፋል፤ የሚወጣው ብልጭታ ቀይና ቶሎ የሚሞት ነው። ጥሩ ክዳን ነጣ ያለ፣ እየተንጣጣ የሚወርድ ብልጭታ ትሰጣለች። የጥንት ጠመንጃ ሠሪዎች ይህን የሚፈትኑት በሞረድ ነበር፦ ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፣ ከነከሰ ለስልሷል። የለሰለሰችውን ከከሰልና ከአጥንት ዱቄት ጋር በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አግሎ በውሃ መንከር፣ ከዚያም እንዳትሰበር በልክ መልሶ ማሞቅ ይጠይቃል። ጥንካሬው ከላይ ብቻ ከሆነ በብዙ ተኩስ ተልጦ ያልቃልና ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ድንጋዩም የራሱ ጠባይ አለው። ጠርዙ ከክዳኗ ፊት ጋር እኩል መግጠም አለበት፤ በአንድ ጥግ ብቻ ከመታ ብልጭታው ይመናመናል፣ ድንጋዩም ይሸረፋል። መንጋጋው ብረት ስለሆነ ድንጋዩን ራቁቱን አይነክስም፤ በቁራጭ ቆዳ፣ በከባድ የወታደር ጠመንጃ ደግሞ በሥሡ በተቀጠቀጠ እርሳስ ይጠቀለላል። መዶሻው በግማሽ ሲነሳ ድንጋዩ ክዳኗን ሳይነካ ቀረብ ብሎ መቆም ይኖርበታል። ሲመታም ከክዳኗ የላይኛው ሲሶ ጀምሮ ወደ ሳህኑ እየላጠ ይወርዳል። በጣም ላይ ከመታ ይንሸራተታል፣ በጣም ታች ከመታ ክዳኗን ገፍቶ ይከፍታታል እንጂ አይልጣትም። ጥሩ ድንጋይ በዚህ ሁኔታ በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ይተኩሳል፤ ከዚያ ጠርዙን በትንሽ ናስ እየኮረኮሙ ማሳል ወይም መለወጥ ነው።

ሞላዎቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው መስማማት አለባቸው። የክዳኗ ሞላ ከመዶሻው ሞላ ጋር ሲነጻጸር ከጠነከረ ክዳኗ አልከፈት ትላለች፤ ድንጋዩ ግድግዳ እንደመታ ይሰባበራል። ከላላ ደግሞ ክዳኗ ተገልብጣ ትመለስና ድንጋዩን ከታች ትመታዋለች። ጀማሪ ሠሪ ብልጭታ ሲያጣ የመዶሻውን ሞላ ማጠንከር ይቀናዋል። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ድንጋይ መጨረስ ብቻ ነው።

ብልጭታ እያለም ጠመንጃ ሊከሽፍ ይችላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሳህኑ ነደደ፣ ጭሱ ወጣ፣ በርሜሉ ዝም አለ። መጀመሪያ የምትታየው የጎን ቀዳዳዋ ናት። ስፋቷ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ግድም፣ ቢበዛ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ከዚያ ከጠበበች ነበልባሉ አይገባም፣ ከሰፋች ጋዙ በጎን ያመልጣል። ከተኩስ በኋላ በጥላሸት ትደፈናለችና በቀጭን ሽቦ ወይም በላባ ቀሰም ትጸዳለች። ቀሰሙን በቀዳዳዋ ሰክተው በርሜሉን የሚጎርሱም ነበሩ፤ ቀሰሙ ሲወጣ ለእሳቱ የተዘጋጀ መንገድ ትቶ ይወጣል። ቀጥሎ የሳህኑ ባሩድ ነው። ጀማሪ «ከበዛ ይሻላል» ብሎ ሳህኑን ይሞላል፣ ቀዳዳዋንም በባሩድ ይሸፍናል። ያን ጊዜ እሳቱ እያንዳንዷን ቅንጣት እየበላ ቀስ ብሎ ይጓዛል። ሳህኑ ግማሽ ቢሆንና ባሩዱ ቀዳዳዋን ባይሸፍን ግን የነበልባሉ ሙቀት በአንድ ጊዜ ይዘላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሳህኑ ባሩድ ደቃቅ፣ ደረቅና ንጹሕ መሆን አለበት።

ደረቅ የሚለው ቃል ነው ጁባን ወደ ጉዳዩ የሚመልሳት። በጁባ ዝናቡ ከሚያዝያ ግድም ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ባሩድ ራሱ እርጥበት አይወድም፤ የከፋው ግን ባሩድ ነድዶ የሚተወው ዝቃጭ ነው። ዝቃጩ ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል። በደረቅ አገር ግራጫ አመድ ሆኖ የሚቀረው በእርጥብ አየር ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ከላዩ የተደረገው አዲስ ባሩድም ያንን ጭቃ እየጠጣ ይበላሻል። መድኃኒቱ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ሳህኑን፣ ክዳኗንና ድንጋዩን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ የሳህኑን ከንፈር በሰም ወይም በሞራ መቀባት፣ መዶሻውንና ሳህኑን የያዘውን መቃጠያ በሙሉ በተቀባ ቆዳ መሸፈን፣ ማታ በርሜሉን በሙቅ ውሃ አጥቦ ማድረቅና ዘይት መቀባት ነው። ይህ በሰላም ቀን ይሠራል። ጦር እየተወረወረበት ሳህን የሚጠርግ ወታደር ግን ብዙ አይገኝም።

የእንግሊዝ ጦር የባልጩት ጠመንጃ ምን ያህል እንደሚከሽፍ በቁጥር ያረጋገጠው በ1834 በዉሊች ባደረገው ሙከራ ነው። ከባልጩት ጠመንጃዎችና መዶሻ ሲመታው በሚነድ የመዳብ ቆብ ከሚተኮሱ አዳዲስ ጠመንጃዎች ከእያንዳንዱ ዓይነት 6,000 ጥይት ተተኮሰ። ባልጩቱ 922 ጊዜ ከሸፈ፤ ይህ በየስድስትና ሰባት ተኩሱ አንድ ማለት ነው። ባለ ቆቡ 36 ጊዜ ብቻ። ይህ የሆነው በሠለጠነ እጅና በተቆጣጣሪ ፊት ነው። በ1841 ደግሞ በቻይና በካንቶን አቅራቢያ የሕንድ ወታደሮች አንድ ሻምበል በዝናብ ተያዘ። የባልጩት ጠመንጃቸው ጨርሶ እንቢ አለ፤ ዱላና ጦር የያዙ ገበሬዎች ከበቧቸው። ባለ ቆብ ጠመንጃ የያዙ የባሕር ወታደሮች ደርሰው ነው ያወጧቸው። ሰሊም ቃቡዳን ጎንዶኮሮ የደረሰውም በዚያው ዓመት ነበር።

ይህን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰ አንባቢ አንድ የቆየ ፍርድ እንዲመረምር ይገደዳል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን አገሪቱን የጎበኙ አውሮፓውያን፣ አውሮፓ ባልጩትን በሚይዝበት ዘመን ኢትዮጵያውያን አሁንም በሚጨስ ገመድ የሚተኮስ ጠመንጃ መያዛቸውን እያዩ ኋላ ቀርነት አሉት። የኋላ ጸሐፊዎችም፣ የእኛዎቹ ጭምር፣ ቃሉን ተቀብለው ደገሙት። ይህ ጽሑፍ ተቃራኒውን ይላል፦ ባለ ገመዱን ጠመንጃ አለመልቀቅ የሚያውቅ ሰው ውሳኔ ነበር።

ባለ ገመዱ ጠመንጃ ምን ይፈልጋል? ከጥጥ ወይም ከልጥ የተፈተለ፣ በጨው ባሩድ የተነከረ ገመድ፤ ገመዱን ወደ ሳህኑ የሚያደርስ የብረት ማጠፊያ። ሞላ ባይኖረው ግድ የለም፣ በውሃና በእሳት የጠነከረ ክዳን አይፈልግም፣ በልኩ የተጠረበ ድንጋይ አይጠብቅም። ማጠፊያው ቢጣመም የሠፈር አንጥረኛ መትቶ ያቀናዋል። የባልጩት ጠመንጃ ሞላ በጎጃም ወይም በሰሜን ተራራ ቢሰበር ግን ማን ይሠራዋል? ድንጋዩስ? እንግሊዞች በሰፎክ አውራጃ ብራንደን የሚባል ከተማ ነበራቸው፤ ጥቁር ባልጩት ከመሬት እያወጡ ለጠመንጃ የሚጠርቡ ቤተሰቦች ለብዙ ትውልድ ኖረውበታል፣ እስከ 20ኛው መቶ ዘመንም ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይልኩ ነበር። ፈረንሣዮችም የራሳቸው የድንጋይ ጠራቢ መንደሮች ነበሯቸው። እሳቱ የሚመጣው ከዚያ ሁሉ ሠንሰለት ነው። ከጁባ ነዋሪ ይህን ለመረዳት የሚቀርብ የለም፦ ጄኔሬተሩ የቱን ያህል ጥሩ ቢሆን መለዋወጫው ከኡጋንዳ በሚያመጣው በኒሙሌ መንገድ ካልደረሰ ጨለማ ነው።

እርግጥ ነው፣ ባለ ገመዱ ጠመንጃ በዝናብ ከባልጩቱ ይብሳል። ገመዱ ይጠፋል፣ ሌሊት ፍሙ ከሩቅ ይታያል፣ ፍሙ ባሩድ ካለበት ቀንድ አጠገብ መገኘቱም አደገኛ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ጦር በክረምት አይዘምትም ነበር። ወንዙ ሲሞላ፣ መሬቱ ሲረጥብ ሠራዊቱ ወደየቤቱ ይበተናል፤ ዘመቻው የሚጀመረው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ዋናው ድክመቱ ጦርነት በሌለበት ወራት የሚታይ መሣሪያ መያዝ የሂሳብ ስህተት አይደለም።

ትልቁ ችግር ባሩዱ ላይ ነበር። ጨው ባሩዱ ከአፈር እየታጠበ፣ ከሰሉ ከቀላል እንጨት እየተቃጠለ፣ ድኙ ተጨምሮበት ይወቀጥ ነበር። በአውሮፓ ፋብሪካዎች ከመቶው 75 ያህሉ ጨው ባሩድ፣ ቀሪው ከሰልና ድኝ ሆኖ ከተዋሐደ በኋላ እርጥቡ ተጨምቆ በወንፊት ቅንጣት ቅንጣት ይደረጋል፤ እሳቱ በቅንጣቶቹ መካከል እንዲሮጥ የሚያደርገው ይህ ነው። ዱቄት የሆነ ባሩድ ይጨሳል እንጂ እምብዛም አይገፋም። በ1770ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር የነበረው ጄምስ ብሩስ ይህን ልዩነት በማስገረም አሳይቶ ነበር። የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድና የነፍጠኞች አለቃ የነበረው ገብረ መስቀል በተኩስ ችሎታው ሲመካ ብሩስ «የእኔ የሻማ ቁራጭ ከአንተ የብረት አረር ይበልጣል» አለው፤ ከዚያም በጠመንጃው የሞራ ሻማ ጎርሶ ሦስት ጋሻ፣ ቀጥሎም የእንጨት ጠረጴዛ በሳ። በቦታው የነበሩት አስማት መሰላቸው። ብሩስ ያልተናገረው፣ ወይም ለመናገር ያልቸኮለው ነገር የባሩዱ ነገር ነው፦ ለስላሳውን ሻማ ጋሻ ያስበሳው ፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነቱ የመጣው ደግሞ ከጥሩ ባሩድ ነው። የነፍጠኞቹ አለቃ ተኩስ ያንስ ነበር ለማለት ይህ ማስረጃ አይሆንም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ሁሉ ከማንም በላይ በሥጋቸው አውቀውታል። በ1848፣ ገና ካሣ ሳሉ፣ በደባርቂ ከግብጽ ወታደር ጋር ገጥመው ብዙ ሰው አለቀባቸው፤ የገጠማቸው ያው ሰሊም ቃቡዳንን ወደ ጎንዶኮሮ የላከው የመሐመድ ዓሊ ሠራዊት ነው። ከነገሡ በኋላ ጋፋት ላይ መድፍ ማስወረዳቸው የታወቀ ነው፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሞ ይታያል። ትኩረታቸው በርሜሉ ላይ ማረፉ ግን ያሳዝናል። በ10 ኤፕሪል 1868፣ በስቅለት ዕለት፣ መቅደላ አቅራቢያ አሮጌ በተባለው ቦታ ላይ ሠራዊታቸው ከእንግሊዝ ጋር ሲገጥም ሰማዩ ያጉረመርም፣ ዝናብ ይወርድ ነበር። የእነርሱ ወታደር የያዘው በአፈሙዙ የሚጎርስ ባለ ገመድና ባለ ቆብ ጠመንጃ ነው። እንግሊዞቹ የያዙት ስናይደር ነበር፦ ከኋላ የሚጎርስ፣ ባሩዱ፣ አረሩና እሳቱ በአንድ ቀለህ የታሸገ። ዝናብ የማያገኘው እሳት ማለት ነው። ከኢትዮጵያውያኑ ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዞቹ የቆሰሉት 20 ሲሆኑ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። በዚያ ቀን የነበረውን ጀግንነት ለመጠራጠር ምክንያት የለም። ጦርነቱን የለየው ግን የእሳቱ ቦታ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ስናይደር ጎንዶኮሮ ደረሰ። ቤከር «አርባዎቹ ሌቦች» ብሎ የሰየማቸውን የክብር ዘበኞቹን ያስታጠቀው በእርሱ ነው (ስሙ መጀመሪያ ለቀልድ የወጣ አልነበረም፤ ሲመረጡ እጃቸው አያርፍም ነበር)። በአካባቢው የሚኖረው የባሪ ሕዝብ ተዋጊዎች ቀስትና ጦር ይዘው ሌሊት እየመጡ ሰፈሩን እንቅልፍ ነሱት። ይህ ጠመንጃን እንዳለማወቅ ተደርጎ ሊነበብ አይገባም። ባሪዎች ከ1841 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት የነጋዴውን ጠመንጃ በክረምትም በበጋም አይተውታል፤ መቼ እንደሚጮኽ፣ መቼ እንደማይጮኽ፣ በጨለማ ምን ያህል እንደሚስት ያውቃሉ። ሌሊትን መምረጣቸው ከእውቀት የመጣ ይመስላል። ያልቆጠሩት ነገር ቢኖር የአዲሱን ጠመንጃ ቀለህ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሌላውን ፊቱን ያሳያል። እሳቱ በይበልጥ እየታመነ በሄደ ቁጥር ከባለቤቱ እጅ እየራቀ ሄደ። ገመዱን ባላገር ይፈትላል። ድንጋዩን ጠራቢ ይጠርባል። ሜርኩሪ ያለበትን የመዳብ ቆብ ግን የሚሠራው ፋብሪካ ብቻ ነው፤ ቀለሁን ደግሞ ከፋብሪካም የተመረጠ ፋብሪካ። ጀነራል ናፒየር በ1868 ከኢትዮጵያ ሲወጣ ለበዝብዝ ካሣ፣ ለኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ ወደ 850 የሚሆን ጠመንጃ ሲተው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቆብ አብሮ መተዉ በአጋጣሚ አልነበረም፤ ያለ ቆብ ስጦታው ብረት ብቻ ይሆን ነበር። በ1876 ጉራ ላይ ከግብጾች የተማረከው የሬሚንግተን ጠመንጃም ዋጋው ከነጥይቱ መማረኩ ላይ ነው። ከጁባ በታችና በላይ በላዶና በረጃፍ የግብጽ ጦር ሰፈሮችን ይዞ የቀረው ኤሚን ፓሻ የሱዳኑ ማህዲ ተከታዮች፣ ማህዲስቶቹ፣ መንገዱን ከዘጉበት ከ1883 በኋላ ሬሚንግተን አላነሰውም፣ ጥይት ነው ያነሰው። አሳሹ ስታንሊ በ1888 የደረሰለት የሬሚንግተን ጥይት ሣጥን ተሸክሞ ነበር። በዚያው ዓመት ረጃፍ በማህዲስቶች እጅ ወደቀች።

ስለዚህ «ዘመናዊ መሣሪያ ያለው ያሸንፋል» የሚለው አባባል በጎንዶኮሮም በመቅደላም ሲፈተን ይሰነጠቃል። ባለ ገመዱን ጠመንጃ ይዞ የቆየው የኢትዮጵያ ነፍጠኛ አስተማማኝ እሳትን በገዛ እጁ ሊሠራው ከሚችለው እሳት ጋር አመዛዝኖ የመረጠ ሰው ነው። ምርጫው ስናይደር ከመጣ በኋላ አላዋጣውም። ከዚያ በፊት በነበረው ሦስት መቶ ዓመት ግን አዋጥቶታል፤ ይህን ለመናገር ማፈር አያስፈልግም።

ነገሩ ለዛሬም የሚጠቅም ሥራ አለው። በኢትዮጵያ ብዙ ቤት፣ በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤትም ሳይቀር፣ «ቆመህ ጠብቀኝ» እየተባለ የሚቀለድበት በአፈሙዝ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሎ ይገኛል። ባለቤቱ ምላጩን እየሳበ ለእንግዳ ያሳያል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ከነጎረሰው ባሩድ መቶ ዓመት ሊቀመጥ እንደሚችል ማንም አይነግረውም፤ በሌላው ዓለም ሙዚየሞች ከነአረራቸው የተገኙ ብዙ ናቸው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አፈሙዙን ከሰው አርቆ ቀጭን እንጨት እስከ መጨረሻው ማስገባት፣ ከአፈሙዙ ጫፍ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ማውጣት፣ በውጪ በኩል ከበርሜሉ ጋር ማስተያየት። እንጨቱ የጎን ቀዳዳዋ ድረስ ካልደረሰ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ፤ የሚያውቅ ሰው እስኪያወጣው ድረስ መዶሻው አይነካም። ለሚተኩሱትም ቢሆን አንድ ሕግ አለ፦ የከሸፈ መስሎ ዝም ያለ ጠመንጃ ቢያንስ አንድ ደቂቃ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ይቆያል። ውስጡ እያዘገመ የሚሄድ እሳት ሊኖር ይችላል።

ሙዚየሞቻችን ግን ጠመንጃን በመስታወት ውስጥ አጋድመው የባለቤቱን ስምና ማዕረግ ይጽፉበታል። ጎብኚው የሚያየው ሰደፍና በርሜል ነው፤ ጦርነቱን የወሰነችው ትንሿ መቃጠያ ወደ ግድግዳው ዞራ ትቀራለች። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ በጁባ ብሔራዊ ሙዚየም የማቆም ሐሳብ ሲነሳ ቆይቷል። ከተማዋ በ2013ና በ2016 ያየችውን ተኩስ የሚያስታውስ ነዋሪ «ጠመንጃ ጠግበናል፣ ደግሞ በሙዚየም?» ቢል ማንም አይፈርድበትም። ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ጠመንጃው እንደ ጌጥ ከተሰቀለ ነው። ተፈትቶ ከቀረበ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በርሜል የሌለው አንድ የባልጩት መቃጠያ በጠረጴዛ ላይ ይታሰር፤ አጠገቡ አንድ የተሳለና አንድ የደነዘ ድንጋይ፣ አንድ ጠንካራና አንድ ለስላሳ ክዳን ይቀመጥ። የባሪ፣ የዲንካ ወይም የኢትዮጵያ ተማሪ መዶሻውን ራሱ ያንሳ፣ አራቱንም እየለዋወጠ ይሞክር፣ ብልጭታው መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚቀር ይቁጠር። የዉሊቹ ቁጥር፣ ከ6,000 ተኩስ 922 ክሽፈት፣ ከላይ ቢጻፍለት ደግሞ የራሱን ውጤት ከእርሱ ጋር ያነጻጽራል።